ቆሽት ያሳድጋል የተባለው ወይፈን

ወንድሜ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ለእሱ የተበላሸ ነገር ሁሉ ወይ ይጠገናል፣ ወይ ይቀየራል። የልጁ ቆሽት ኢንሱሊን መሥራት ካቆመ ጀምሮ “ይሄ አይጠገንም፣ አይቀየርምም፤ ከውጭ በመርፌ እየሞሉ መኖር ነው” ያለውን ሐኪም ሁሉ የሚያየው ሞተር ፈትቶ መግጠም ያቃተውን መካኒክ በሚያይበት ዓይን ነው። በትዕግሥት ያዳምጠዋል፣ ያመሰግነዋል፣ ከዚያ ሌላ ፍለጋ ይሄዳል።

ልጅቷ የታመመችው ሰባተኛ ክፍል ሳለች ነው። ዓይነት አንድ የሚባለው የስኳር በሽታ ነው፤ በክኒን የማይያዘው። ይህን ከቤተሰቡ ውጭ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለጎረቤት የተነገረው “ጨጓራ አላት” ተብሎ ነው። ምርጫው ጥሩ ነበር። አዳማ ውስጥ ጨጓራ የለብኝም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ገና አልተመረመረም። “ጨጓራ ነው” ሲባል ማንም ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቅም፤ ቀጥታ የራሱን ጨጓራ ታሪክ ይጀምራል።

መድኃኒቱ መብራት ሲጠፋ በሙቀት እንዳይበላሽ እርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ አልጋዋ ሥር ይቀመጣል። መርፌዋን ሽንት ቤት ገብታ ነው የምትወጋው። ለምን እንደሚደበቅ ስጠይቀው ወንድሜ “ነገ የምታገባ ልጅ ናት” ይለኛል። እሷ ደግሞ “እኔ ነገ ፈተና ነው ያለኝ” ትላለች።

ፈተናውን አለፈች። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ ድሬዳዋ ደረሳት። ስልኳን ይዛ ግቢውን እየዞረች ስትጮህ አባቷ ከምሳው ቀና ብሎ “አይሆንም” አለ። ቀጥሎም፣ የዓመት ምርመራ የወደቀ ሚኒባስ ላይ እንደሚፈርድ ሰው ረጋ ብሎ፣ “ቆሽቷ ሳይስተካከል ከዚህ ከተማ አትወጣም” አለ።

የዩኒቨርሲቲው ጥሪ የሚጠበቀው ከመስቀል በኋላ ነበር። ወንድሜ ደግሞ ቆሽቷን እስከ መስቀል የሚያስተካክልበት ዘዴ አግኝቻለሁ ብሏል። ዘዴውን ያገኘው ከእኔ የሬዲዮ ፕሮግራም ነው።

ፕሮግራሙን ደግሜ ሰምቼዋለሁ፤ የተባለው ነገር ትክክል ነው። እንግዳዬ ውጭ አገር ተምራ የተመለሰች የባዮሎጂ መምህርት ነበረች፤ የተማረችውም ቆሽት ፅንስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ያለችውን ባጭሩ ልድገመው። ቆሽት ሲጀምር ራሱን የቻለ አካል አይደለም። ኋላ አንጀት ከሚሆነው ቱቦ ላይ በሁለት ቦታ የሚወጣ እንቡጥ ነው፤ አንዱ በጀርባ በኩል፣ አንዱ በሆድ በኩል። አንጀቱ ሲዞር ሁለቱ ይገናኙና አንድ ይሆናሉ። እንቡጡ ግን ብቻውን የትም አይደርስም። አከርካሪ በሚያልፍበት ቦታ ካለው ዘንግ፣ በአጠገቡ ካለው የደም ሥር፣ ዙሪያውን ከከበበው ለስላሳ ሥጋ መልእክት ይላክለታል። አንዱ “ቆሽት ሁን” ይለዋል፣ አንዱ “ተባዛ” ይለዋል፣ አንዱ “ቆይ፣ ገና ነህ” ይለዋል። እነዚህን መልእክቶች በፕሮግራሙ ላይ “የእድገት ቀስቃሾች” ብለን ጠራናቸው። በአይጥ ላይ እንደታየው ዙሪያውን ከከበበው ሥጋ የሚመጣው አንደኛው ቀስቃሽ ከጎደለ እንቡጡ ይወጣል፣ ግን እንቡጥ ሆኖ ይቀራል። ተመራማሪዎች ደግሞ እነዚህን ቀስቃሾች በተራ በተራ እየጨመሩ፣ የላብራቶሪ ሳህን ላይ ኢንሱሊን የሚሠሩ ሴሎችን ማሳደግ ችለዋል።

ወንድሜ ይህን የሰማው ሱቁ ውስጥ ፍሬን ሸራ እየሸጠ ነው። ፕሮግራሙ እንዳለቀ ደወለ።

“ይሄን ነገር ይዘህ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልከኝ?”

“ምኑን?”

“ቆሽት እንደሚያድግ!”

“ፅንስ ላይ ነው የሚያድገው። ማኅፀን ውስጥ።”

“ሴትየዋ ቀስቃሽ አለው ብላለች። እንስሳም ላይ አለ ብላለች።”

“አይጥ ላይ ነው ያለችው።”

“አይጥ አንበላም” አለኝ። “ወይፈን ግን እንበላለን።”

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ያረጀ በሬ እድገቱን ጨርሷል፤ ቀስቃሹም አብሮ አልቋል። ወይፈን ግን ገና እያደገ ስለሆነ ቆሽቱ ቀስቃሽ እንደሞላ ነው። ልጅቷ ያንን በጥሬው ትበላለች። ከበላችበት ቀን ጀምሮ መርፌውን ታቆማለች፤ ምክንያቱም አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሠራተኛ ካለ ሁለቱም አይሠሩም። የእሷ ቆሽት ኢንሱሊን ከውጭ እየመጣለት ለምን ይልፋል?

በስልክ ተከራክሬ እንደማልረታው ስለማውቅ እሱንም ልጅቷንም ይዤ መምህሯ ዘንድ ሄድኩ። ቢሮዋ ጠባብ ስለነበረ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ካለው ካፌ ተቀመጥን። የአዳማ ነፋስ እንደ ልማዱ የሁላችንንም ማኪያቶ አቧራ አልብሶታል።

“እሺ ዶክተር” አለ ወንድሜ፣ “ይሄ ቀስቃሽ የት ነው የሚሸጠው?”

“ለላብራቶሪ የሚያቀርቡ ድርጅቶች አሉ።”

“አየህ?” አለና ወደ እኔ ዞረ።

“ሳህን ላይ ላለ ሴል ነው እንጂ ቆሽት እንዲያሳድግ ተብሎ ለሰው አይሰጥም” አለች። “‘እደግ’ የሚል መልእክት እኮ ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ማን እንደሚሰማው አታውቀውም። ያልፈለግነው ነገር ሊያድግ ይችላል፤ ዕጢም ጭምር።”

“በትንሹ ቢሆንስ?”

“ጋሼ፣ ፅንስ ውስጥ መልእክቱ በሰዓቱ ነው የሚመጣው፣ በተራው ነው፣ በልኩ ነው። ተራው ከተዛባ ቆሽት ሊሆን የነበረው ጉበት ሆኖ ሊቀር ይችላል።”

ወንድሜ አሰብ አደረገ። “ማኑዋል አለው ማለት ነው።”

“እንደዚያ ይበሉት። ደግሞ የልጅዎ ቆሽት እኮ ድሮ አድጓል። አሁንም አለ። ምግብ የሚፈጨውን ፈሳሽ ዛሬም ይሠራል። የጠፉት ውስጡ የነበሩት ኢንሱሊን የሚሠሩ ሴሎች ናቸው። እነሱን ያጠፋቸው የራሷ ሰውነት መከላከያ ነው፤ ጠላት መስለውት።”

“ዘበኛው ነው የዘረፈን?”

“ዘበኛው ነው።”

“እና አዲስ ቢበቅልም…”

“ዘበኛው እዚያው ነው። የበቀለውንም ያጠፋዋል።”

ልጅቷ “አባዬ፣ ሰማህ?” አለች።

“ሰማሁ። የዘበኛውን ነገር በኋላ እናየዋለን። መጀመሪያ ይብቀል።” ወደ መምህሯ ዞረ። “እስቲ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ይሄ እሷ የምትወጋው ኢንሱሊን ከምን ነው የሚሠራው?”

“አሁን በባክቴሪያና በእርሾ ነው የሚመረተው። በፊት ግን ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበር የሚወጣው…”

“ከከብት!” ወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ። “ከከብት ብላለች! ቀድተኸዋል?”

መምህሯ ተበልቶ ሆድ ከገባ እንደ ማንኛውም ሥጋ ተፈጭቶ እንደሚቀር፣ በመርፌ የሚሰጠውም ለዚህ እንደሆነ አስረዳችው። ወንድሜ ከ“ከብት” በኋላ የተባለውን አልሰማም። አንድ ደንበኛ ደውሎለት እያወራ ሲወጣ ልጅቷ “የከብት ቆሽት ምን ይመስላል?” ብላ ጠየቀች። መምህሯ ስልኳ ላይ ፎቶ አሳየቻት። ነጣ ያለ፣ የተጨማደደ፣ ቅርጹ የማይታወቅ ነገር ነው። ሁለታችንም አየነው። ስንት ዘመን “ቆሽቴን አሳረረው” እያልኩ ሰው ስከስ ኖሬ፣ ያረረው ነገር ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ስንመለስ ወንድሜ ወደ ሱቁ ሄደ፤ እኔና ልጅቷ ባጃጅ ያዝን። ሾፌሩ ሙዚቃውን እስከ ጥግ ከፍቶት ስለነበር በነፃነት አወራች።

“አጎቴ፣ መርፌውን ከመስቀል ጀምሮ አቁሚ ብሎኛል።”

“አንቺስ?”

“አላቆምም አልኩት። ‘እንግዲያው ድሬዳዋ የለም’ አለኝ።”

“ብታቆሚ ምን ትሆኛለሽ?”

“በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሆስፒታል እገባለሁ። ያውም ካደረሱኝ ነው።” የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የምትነግረኝ ነው የሚመስለው።

በማግሥቱ ሱቁ ሄጄ ለወንድሜ ይህንኑ በቀጥታ ነገርኩት፤ ጌጥ አልጨመርኩበትም። መቃብር የሚለውን ቃል ስጠቀም እጁ ላይ የነበረውን ቡሎን አስቀመጠ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ተስማማን። ቆሽቱን ትበላለች፣ መርፌዋን ግን አታቆምም፣ ስኳሯ በመሣሪያ ይለካል። ስኳሯ ወርዶ መድኃኒቱ ከተቀነሰላት ወደ ድሬዳዋ ትሄዳለች። ካልተቀነሰላት ግን አዳማ ትቀራለች። ለልጅቷ ስነግራት “ስለዚህ ቀርቻለሁ በለኛ” አለች። ስሌቱ ትክክል ነበር።

አሁን ወይፈን ያስፈልጋል። ወይፈን ደግሞ ብቻውን ገዝቶ የሚያርድ ሰው የለም፤ ወደ ቅርጫ መሄድ የግድ ነው። የሰፈራችን ቅርጫ የቆየ ነው። አባላቱ አብረው በሬ ይገዛሉ፣ አርደው በመደብ በመደብ ያካፍላሉ፣ መደቡን በዕጣ ይወስዳሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ ለማንም በተለየ የሚሰጥ ነገር የለም። ጉበቱ እንኳ በቀጭን በቀጭኑ ተቆርጦ እኩል ይበተናል። ይህን ሕግ የሚያስከብሩት የቅርጫው ዳኛ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሐዲድ የለመደ ዓይናቸው የአንዲት ጉማጅ ብልጫ አያመልጠውም።

“ወይፈን?” አሉ ወንድሜ ሐሳቡን ሲያቀርብ። “ጮማ የሌለው ነገር ለመስቀል? ምን በድለንህ ነው?”

“ሥጋው ለስላሳ ነው ጋሼ። መግዛቱንም ማጓጓዙንም ለእኔ ተዉት።”

ማጓጓዙ ሲነሳ ስብሰባው ለዘብ አለ። ወንድሜ ያኔ መቆም ነበረበት። አልቆመም።

“ደግሞ ቆሽቱን ለእኔ ተዉልኝ።”

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

“ቆሽቱን?” አሉ ዳኛው።

“አዎ። ለማንም አይጠቅምም እኮ። ለውሻ ነው የሚጣለው።”

“አንተስ ለምን ፈለግኸው?”

“ዝም ብዬ ነው።”

በእኔ ሥራ “ዝም ብዬ ነው” የሚል መልስ ሰምቶ ጥያቄውን የሚያቆም ሰው ደመወዝ አይገባውም። የቅርጫ አባላት ደግሞ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ጋዜጠኞች ናቸው። ሳምንት ሳይሞላ ጎማ የሚጠግነው ጎረቤታችን መንገድ ላይ አስቆመኝ።

“እውነት ነው እንዴ?”

“ምኑ?”

“ያ ነገር። የወይፈን ቆሽት።” ዙሪያውን ቃኘና ክንዱን እጥፍ አድርጎ ጡንቻውን አሳየኝ። “ለዚህ… ለጉልበት።”

“ለምን ጉልበት?”

“ተው እንግዲህ፣ ትልቅ ሰው ነህ። የወንድምህ ሚስት ሰሞኑን እየሳቀች ነው የምትሄደው ይላሉ።”

ሚስቱ የምትስቀው በባሏ ነበር። ግን ይህን ማስተባበል የሚቻለው እውነተኛውን ምክንያት በመናገር ብቻ ነው፤ እውነተኛው ምክንያት ደግሞ ገንቦ ውስጥ ተቀብሮ አልጋ ሥር ነው ያለው። ወንድሜ ወሬውን ሲሰማ ደነገጠ፣ ከዚያ አሰበበት፣ በመጨረሻ ዝም ማለትን መረጠ። የልጁ በሽታ ከሚሰማ የእሱ ጉልበት ቢወራ ይሻለዋል። እንደ አባት ያስመሰግነው ነበር። ችግሩ አሁን ቆሽቱን ሁሉም ፈልጎታል።

ወይፈኑን ከሁሩታ አመጣነው። ሻጩ አሮጌ ጃኬት የደረበ ገበሬ ነበር፤ “አከም” ብሎ ሰላምታ ሰጠንና፣ ወንድሜ ወይፈኑን ዞሮ ዞሮ እያየ ስለ እድሜው ብቻ ደጋግሞ ሲጠይቀው ግራ ገባው። ጮማውን ያልጠየቀ ገዢ አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

“ልታርዱት ነው ወይስ ልታስተምሩት?” አለ።

የመስቀል ዕለት ጠዋት ዳኛው ግቢ ማንጎው ጥላ ሥር ሸራ ተነጠፈ፣ ቅጠል ተጎዘጎዘ። አራጁ ሥራውን ጀመረ። ወንድሜ ከጎኑ አልጠፋ አለ። የሆድ ዕቃው ሲወጣ ጎንበስ ብሎ “ቆሽቱን ለይልኝ” አለው።

አራጁ እጁን ከትቶ ትንሽ ፈለገና ጠቆር ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ምላስ የመሰለ ነገር አወጣ። “ይኸው።”

ሁሉም ከበበው። ነገሩ ጠንካራና ደም የሞላበት ይመስላል። ጎማ ጠጋኙ “መልኩ ራሱ ይናገራል” አለ።

“በሕጉ መሠረት እኩል ይቆረጣል” አሉ ዳኛው።

“ጋሼ፣ ተነጋግረን እኮ ነበር!”

“አንተ ተናገርህ፤ እኛ እሺ አላልንም።”

“እሺ፣ የሻኛ ድርሻዬን ውሰዱና ቆሽቱን ስጡኝ።”

ይህን ባይናገር ጥሩ ነበር። ሻኛውን በቆሽት የሚለውጥ ሰው ካለ ቆሽቱ ከተወራለትም በላይ መሆን አለበት። “ሻኛህን ብላ” አለው ጎማ ጠጋኙ፤ “እኛም ሚስት አለን።” ተቆረጠ። በየመደቡ ላይ አንዳንድ ቁራጭ ተቀመጠ። ወንድሜ የደረሰችውን አንዲት ጉማጅ እያየ ፊቱ ላይ የሚነበበው ነገር ሳቄን አጠፋው። ይህ ሰው እየቀለደ አልነበረም። ልጁን ከቤት ሊያወጣ የሚችልበትን ብቸኛ መንገድ በቢላዋ ሲቆራርጡበት ነው የሚያየው።

ልጅቷ በዚህ መሀል የሥጋ ማምጫ ሳህን ይዛ ገባች። ሰላምታ ሰጠች፣ መደቦቹን አየች፣ ጎንበስ አለች።

“አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?”

“ቆሽት” አለ ቀስ ብሎ።

“ይሄማ ጣፊያ ነው።”

አራጁ ቢላዋውን ይዞ ቀና አለ። “አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ሥራዬ ነው።”

“ቆሽት ነጣ ያለ ነው፤ የተጨማደደ። ከአንጀቱ መጀመሪያ ጋር የተያያዘ።”

“እሱማ…” አራጁ ወደ አጥሩ ተመለከተ። “እሱን እኮ ጣልኩት።”

ሁላችንም ወደ አጥሩ ዞርን። የዳኛው ውሻ ጋደም ብሎ አፉን እየላሰ ነው። የቀረ ነገር አልነበረም።

“የኔ ውሻ?” አሉ ዳኛው።

“ጋሼ፣ እሰሩት!” አለ ጎማ ጠጋኙ። “ዛሬ ሰፈሩን አያስቀምጥም!”

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ማንጎውን ተደግፎ ነው የሳቀው። ልጅቷ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና “ምን ይሠራል ብላችሁ ነው?” ስትል ጠየቀች።

አንዱ ሰማዩን አየ። ዳኛው የማያስፈልግ ቅጠል ማስተካከል ጀመሩ። ወንድሜ “ነይ እንሂድ” አላት።

“አባዬ የፈለገው ለኔ ነው” አለች። “ስኳር አለብኝ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ። ቆሽት ብትበላ ይሻላታል ብሎ ነው።”

“ዝም በይ!” አለ ወንድሜ።

እሷ ግን ሳህኑን አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ ከቦርሳዋ መርፌዋን አወጣች። ሽንት ቤት የት ነው ብላ አልጠየቀችም። የሸሚዟን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ ክንዷ ላይ ወጋች፤ ከዚያ ዳቦ አንስታ ከሥጋው አንድ ጉማጅ ያዘች። “አሁን እበላለሁ። ከመብላቴ በፊት መውጋት አለብኝ። ይኸው ነው።”

ዳኛው ቅጠሉን ትተው ቀና አሉ።

“እና ጨጓራሽስ?”

“ጨጓራ የለብኝም ጋሼ።”

“ምንም?”

“ምንም።”

“አይ የታደልሽ!” አሉ። ከልባቸው ነው።

ከዚያ ጎማ ጠጋኙ ከመደቡ የጣፊያውን ቁራጭ አነሳና የወንድሜ መደብ ላይ አኖረው። ሌላው ተከተለ። ቀጥሎም ሌላው። ለማንም በተለየ አይሰጥም የሚለውን ሕግ ዳኛው ራሳቸው ቁራጫቸውን መልሰው አፈረሱት። ጣፊያ ለስኳር ምን እንደሚያደርግ ማንም አያውቅም፤ ምንም አያደርግም። ወንድሜ “እግዚአብሔር ይስጥልን” ለማለት ሞክሮ ድምፁ እምቢ አለው።

የወንድሜ ፒካፕ ውስጥ ከገባን በኋላ ግን ድምፁ ተመለሰ።

“አገር አሰማሽብኝ!”

“አሰማሁ። ድሬዳዋም ስደርስ አሰማለሁ።”

“ድሬዳዋ የሚባል የለም። ማን ነው እዚያ የሚጠብቅሽ? ስኳርሽ ወርዶ ስትወድቂ ማን ነው የሚያነሳሽ?”

“አብረውኝ የሚተኙት ልጆች።”

“ምን ያውቃሉ እነሱ?”

“እንዳንተ ብደብቃቸው ምንም አያውቁም። ስወድቅ ‘ጨጓራዋ ተነሳባት’ ብለው ያስተኙኛል። ተኝቼ እቀራለሁ። ከነገርኳቸው ግን ስኳር ያቀምሱኛል።” ትንፋሽ ወሰደች። “አባዬ፣ ቆሽቴ ያመኛል ብዬ አይደለም የምፈራው። አጠገቤ ያለው ሰው ሳያውቅ መውደቅን ነው የምፈራው።”

ወንድሜ የአሰላን መንገድ ተሻግረን ቤት እስክንደርስ ማርሹን ያለ ምክንያት ሲቀያይር ነበር። በሩ ላይ ሲያቆም “ስንት ሆናችሁ ነው የምትተኙት?” አለ።

“አላውቅም። ብዙ ይሆናሉ።”

“ለሁሉም ትነግሪያለሽ?”

“ለሁሉም።”

“አንዷ እንኳ ሳትቀር?”

“አባዬ!”

“እየጠየቅሁ ነው” አለና ወረደ።

ወንድሜ አመነ እያልኩ አይደለም። ቆሽት እንደማይበቅል እስከ ዛሬ አላመነም፤ ሙከራው በውሻ ምክንያት አልተካሄደም ነው የሚለው። ያመነው ሌላ ነገር ነው። ከመስቀል በኋላ በነበሩት ሳምንታት ለዓመታት የደበቀውን ያገኘው ሰው ሁሉ ላይ ማራገፍ ጀመረ። ፍሬን ሸራ ሊገዛ የመጣ ሾፌር ሳይወድ በግዱ ስለ ኢንሱሊን ይሰማል። ቆሽት ከሁለት እንቡጥ እንደሚጀምር፣ ጎረቤቶቹ መልእክት እንደሚልኩለት፣ ዘበኛው እንደዘረፈው ያስረዳል። ግማሹ ትክክል ነው። “ሰው ሲወድቅ ካያችሁ፣ ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ካበደ፣ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ስጡት” የሚለው ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ እሱን መምህሯ ዘንድ በግሉ ተመልሶ ሄዶ አጣርቷል።

ጥሪው መጣ። ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ደረስን። እናቷ ሻንጣውን ትጠብቃለች፣ እኔ ትኬቱን ይዣለሁ፣ ልጅቷ መድኃኒቷን ማቀዝቀዣ ዕቃ ውስጥ አድርጋ አቅፋዋለች። ወንድሜ “ወንበሯን ላሳያት” ብሎ አብሯት ገባ። በመስኮቱ በኩል አያቸዋለሁ። ከጎኗ የተቀመጠችው ድሪያ የሚባለውን ደማቅ ቀሚስ የለበሰች፣ ፌስታል የከበባት የድሬዳዋ ነጋዴ ናት። ወንድሜ ማስረዳት ጀምሯል፤ እጁ ከአንጀት ወደ አከርካሪ ሲሄድ ይታየኛል።

“አቦ በቃ ገባኝ!” የሴትየዋ ድምፅ ውጭ ድረስ ይሰማል። “ካላባት ለስላሳ ነው፣ አይደል?”

“ለስላሳ ነው። ግን ስኳር የሌለው ለስላሳ እንዳይሆን።”

“ስኳር የሌለውን ማን ይጠጣል አቦ? ውረድ፣ ልጅቷ አሁን የኔ ናት።”

“ደግሞ ከተኛች ቀስቅሻት። በእንቅልፍ ውስጥ…”

“አባዬ፣ እባክህ” የሚለው የልጅቷ ድምፅ ነው።

ወንድሜ ከእሷ ወደ ፊተኛው ወንበር አለፈ። እዚያ ላሉት ከመጀመሪያው ጀመረ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ረዳቱ “የሚወርድ!” ብሎ ጮኸ፣ በሩን መታ። የወረደ የለም። አውቶቡሱ አቧራውን ትቶልን ሲወጣ የወንድሜ ጀርባ በመስኮቱ ይታይ ነበር፤ ወንበር ተደግፎ፣ አንድ ጣቱን ወደ ላይ አንስቶ።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ደወለ።

“ወለንጪቲ ነኝ።”

“ምን ሆነህ?”

“ሾፌሩ አወረደኝ።”

“ልጅቷስ?”

“ሄደች።” መኪና ሲያልፍ በስልኩ ይሰማኛል። “የኋላ ወንበሮቹ ጋ ሳልደርስ አወረደኝ።”